«የሰይጣን ቤት» ስለ ተባለው ቤትና ስለ አንባቢና ተመልካች ፍርድ

የሰው ልጅ ዐይኑ ያየውን፥ ጆሮው የሰማውን ነገር ሳይመዝን አያልፍም። መጽሐፍ ቢያነብ፥ ተውኔት ቢመለከት፥ በሲኒማ ቤት ተቀምጦ የሚንቀሳቀስ ሥዕል ቢያይ፥ ገና ከደጅ ሳይወጣ «መልካም ነው» ወይም «ከንቱ ነው» ይላል። ይህ ቃል ቀላል ይመስላል፤ ተናጋሪውም ከቡናው ላይ ሲነሣ ይረሳዋል። ነገር ግን የቀላል ቃል ጕዞ ረጅም ነው። አንዱ የተናገረውን ሌላው ይቀበለዋል፤ የተቀበለውም ለሦስተኛው ያስተላልፈዋል፤ በመጨረሻም መጽሐፉን ያላነበበ፥ ሲኒማውንም ያላየ ሰው በነገሩ ላይ ፈራጅ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ በኢትዮጵያ ምድር ስለ መጻሕፍትና ስለ ሲኒማ ሲሰጥ የኖረውን ፍርድ ወደ ኋላ ተመልሶ መመርመር፥ ለካህኑም ለከተማው ሰውም የሚጠቅም ነገር ነው።

ሉሚዬር የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ወንድማማች ሲኒማን በፓሪስ ከተማ ገንዘብ ከፍሎ ለገባ ሕዝብ ያሳዩት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ዲሴምበር 28 ቀን 1895 ነው። ይህም ቀን በኢትዮጵያ አቈጣጠር ታኅሣሥ 19 ቀን 1888 ዓ.ም.፥ የቅዱስ ገብርኤል በዓል የሚከበርበት ዕለት ነበረ። ከዚያም በኋላ በ64ኛው ቀን፥ የካቲት 23፥ የዐድዋ ጦርነት ሆነ። ብዙ ዘመን ሳይቈይ ይህ አዲስ መሣሪያ ወደ ዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ደረሰ፤ ኋላም በአዲስ አበባ ከተማ ለሕዝብ የሚታይበት ቤት ተከፈተ። ሕዝቡም ያን ቤት «የሰይጣን ቤት» ብሎ ሰየመው።

ስም አውጪዎቹን መሳቂያ ማድረግ አይገባም። ሥዕልን የሚያውቁት በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ነው። በዚያ ያለው ሥዕል በስፍራው ጸንቶ ይቆማል፤ ሰውም ወደ እርሱ ቀርቦ ይሳለመዋል። በዚህ በአዲሱ ቤት ግን መብራት ይጠፋል፥ መስኮት ይዘጋል፥ በጨርቅም ላይ ነፍስ የሌለው ጥላ እንደ ሕያው ሰው ይሮጣል፥ ይስቃል፥ ያለቅሳል። እንዲህ ያለ ነገር በቀድሞ ሰዎች ቋንቋ ምትሐት ይባላል። ይህን ጥላ የሚያንቀሳቅሰው ኀይል ምንድር ነው? ዓላማውስ ወዴት ነው? ብሎ መጠየቅ የአስተዋይ ሰው ጥያቄ ነው። ጕዳቱ የመጣው ጥያቄው ሳይጠየቅ መልሱ ስለ ተሰጠ ነው። «የሰይጣን ቤት» ማለት ጥያቄ አይደለም፤ የተዘጋ ፍርድ ነው። ብዙ ሰው ቤቱን ያወቀው በመግባት ሳይሆን በስሙ ነው፤ የዚያም ቤት ታሪክ ሲነገር እስከ ዛሬ አስቀድሞ የሚነሣው ያ ስም ነው።

ከዚህም የተከተለውን ማስተዋል ይገባል። የተማረ ሰው ከአንድ ነገር ሲርቅ ነገሩ አይጠፋም፤ ወደ ሌላ እጅ ይገባል እንጂ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገሪቱን የያዘው የፋሽስት መንግሥት ሲኒማን አልናቀውም። ነጭና ጥቁር አብሮ እንዳይቀመጥ በዘር እየለየ፥ የራሱን ክብርና የጦሩን ኀይል በጨርቅ ላይ እያሳየ፥ ሲኒማን እንደ ጦር መሣሪያ ተገለገለበት። የአገሩ ሰው የሰይጣን ነው ብሎ የተወውን ነገር ጠላት ለራሱ ሥራ አዋለው።

ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው፥ ፍርድ እንዴት መሰጠት እንዳለበት የኢትዮጵያ ሊቃውንት ከሲኒማ መምጣት በፊት ብዙ ዘመን ያወቁት ነገር መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። ቦታውም የቅኔ ቤት ነው። ተማሪው ሲቈጥር የዋለውን ቅኔ በመምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። መምህሩም ከመካከሉ አይፈርድም፤ እስኪፈጸም ያዳምጣል። ከዚያ በኋላ አገባቡን ይመረምራል፤ ቤቱ መምታቱን ይሰማል፤ ሰሙ ከወርቁ ጋር መስማማቱን፥ ምሥጢሩም ከመጽሐፍ ጋር መገናዘቡን ይመዝናል። የተበላሸ ነገር ቢገኝ «መጥፎ ነው» ብሎ ብቻ አይሰድደውም፤ የተበላሸበትን ስፍራ ያሳየዋል፥ ያቃናለታልም። ሁለት ቤት ብቻ ያላት ጉባኤ ቃና እንኳ ያለዚህ ምርመራ አታልፍም። በቤተ ክርስቲያን ቅኔው ሲሠምር ከሊቃውንቱ አፍ የሚሰማው «ይበል!» የሚለው ቃል አጭር ነው፤ ነገር ግን ከዚያ አጭር ቃል በስተኋላ የብዙ ዓመት ትምህርት አለ። ተናጋሪውም ለምን እንዲህ አልህ ተብሎ ቢጠየቅ መልስ አያጣም።

እርግጥ ነው፥ የቅኔ ቤትም ቢሆን ከአድልዎ ንጹሕ አልነበረም። የዋሸራ ተማሪ የዋሸራን፥ የጎንጅ የጎንጅን፥ የዋድላም የዋድላን መንገድ ማመስገን ይቀናዋል። ይሁን እንጂ ለዚህ ሕመም መድኀኒቱ በዚያው በሊቃውንት ጉባኤ ይገኛል። የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህር አንዱን ትርጕም ከተናገረ በኋላ «አንድም» ብሎ ሌላውን ያመጣል። «አንድም» ማለት የፊተኛው ሐሳብ በር አይዘጋም ማለት ነው። ስለ አንድ መጽሐፍ ወይም ስለ አንድ ሲኒማ የሚናገር ሰው በቃሉ መካከል ለ«አንድም» ቦታ ቢተው ኖሮ ብዙ ጠብ ባልተነሣም ነበር።

ችኵል ፍርድ መጽሐፍን እንዴት እንደሚያጠፋ፥ የታገሠ ፍርድም እንዴት እንደሚያድን የሚያስረዳ ታላቅ ምስክር መጽሐፈ ሄኖክ ነው። ሐዋርያው ይሁዳ በመልእክቱ የሄኖክን ትንቢት ጠቅሷል፤ ጠርጡሊያኖስም ለመጽሐፉ ተሟግቶለታል። ኋላ ግን በሌሎች አገሮች ያሉ አብዛኞቹ መምህራን ተጠራጠሩት፤ አውግስጢኖስም ከቀኖና መጻሕፍት ውጭ አደረገው። ጸሐፊዎችም መገልበጡን ተዉ፤ ከጊዜም ብዛት መጽሐፉ ከእጃቸው ጠፋ። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ግን ተቀብላ ጻፈችው፥ አነበበችው፥ ተረጐመችው። ጄምስ ብሩስ የተባለ የስኮትላንድ ተጓዥ ከጐንደር ዘመን ነገሥታት አገር ሲመለስ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1773 ግእዙን ወደ አውሮፓ አደረሰ፤ በ1821ም ሎሬንስ የተባለ ሊቅ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ አሳተመው። ከዚያም ወዲያ በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች የአራማይስጥ ቍርጥራጮቹ ተገኙ። እስከ ዛሬም መጽሐፉ ሙሉ ሆኖ የሚገኘው በግእዝ ብቻ ነው። የሌሎችን ፍርድ ሰምተው እነዚያ የኢትዮጵያ ጸሐፊዎች ብርዓቸውን ጥለው ቢሆን ኖሮ፥ ዓለም ዛሬ ይህን መጽሐፍ በስም ብቻ ባወቀው ነበር።

ወደ አዲሱ ዘመን ስንመለስ፥ በ1900 ዓ.ም. ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በሮም ከተማ «ልብ ወለድ ታሪክ» የሚል መጽሐፍ አሳተሙ። ኋላ «ጦቢያ» እየተባለ የሚጠራው ይህ ነው። በአማርኛ ቋንቋ ለተጻፉት የልቦለድ መጻሕፍት ሁሉ በር የከፈተ እርሱ ነው፤ «ልብ ወለድ» የሚለውም የሽፋኑ ቃል ለዚህ ዐይነት ድርሰት ሁሉ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። በ1901 ዓ.ም. ደግሞ «ዳግማዊ ምኒልክ» የሚለውን የታሪክ መጽሐፋቸውን አወጡ። በዚህም መጽሐፍ ላይ አንድ አንባቢ ፍርዱን ሰጠ። እርሳቸውም የዐድዋው ተወላጅ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው።

ገብረ ሕይወት «ዐፄ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በተባለው፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1912 በአስመራ በታተመው ጽሑፋቸው፥ የአፈወርቅን አድልዎ ነቀፉ። ነቀፋቸው ግን ስድብ አልነበረም። ታሪክ ጸሐፊ ሦስት ነገር ሊኖረው እንደሚገባ አስቀድመው አስረዱ። ይኸውም የተደረገውን የሚመለከት ልቡና፥ በተደረገው ላይ ሳያደላ የሚፈርድ አእምሮ፥ ያየውንና የፈረደውን ለሌላው የሚገልጥበት የጠራ ቋንቋ ነው። ስለዚህ አንባቢያቸው በነቀፋው ባይስማማ እንኳ ሚዛኑን በእጁ ይዞ ይመለሳል። ይህ ሚዛን ለታሪክ ጸሐፊ ተብሎ ቢበጅም፥ ለአንባቢና ለተመልካችም ይሠራል። ማየት፥ አለማድላት፥ ምክንያቱን አጥርቶ መናገር።

የአፈወርቅ ነገር ሌላም ከባድ ጥያቄ አስከትሏል። በጠላት ዘመን ከወራሪው ጋር ስለ ተባበሩ፥ ነጻነት ሲመለስ በጅማ ተግዘው በዚያው ሞቱ። ታዲያ የሰውየው ጥፋት በመጽሐፉ ላይ ይቈጠርን? አንባቢዎች በዘመናት መካከል የሰጡት መልስ ጥበብ አለበት። የሰውየውን በደል አልካዱም፤ አላቃለሉምም። መጽሐፉን ግን አላቃጠሉትም። ሁለቱን በየሚዛናቸው አስቀመጧቸው፤ «ጦቢያ»ም እስከ ዛሬ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ተማሪ የሚጀምርበት መጽሐፍ ሆኖ ይኖራል።

የታላላቆች ፍርድ ከተራው ሰው ፍርድ የሚለየው ኀይል ስላለው ነው። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን፥ በሩስያ ተምረው የተመለሱት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፥ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለ ተውኔት ደርሰው በመኳንንቱ ፊት አሳዩ። በአራዊት ምሳሌ የመንግሥትን አሠራር የሚነቅፍ ነበረና ታገደ። መኳንንቱ ምሳሌውን አልተረዱትም አይባልም፤ ሰሙን አልፈው ወርቁን ስላገኙት ነው የተቈጡት። ነገር ግን ቅኔ አዋቂ ለሆነ አገር ይህ እንግዳ ነገር አልነበረም። በቅኔ ማኅሌት ላይ ነገሥታትን በሰምና ወርቅ የወቀሱ ደብተራዎች ነበሩ፤ ብልህ ንጉሥም ወቀሳውን ሰምቶ ያልፍ ነበር። በቅኔ የተፈቀደው በተውኔት ተከለከለ፤ ልዩነቱ በወርቁ ሳይሆን በሰሙ አዲስነት ነው።

ተውኔት ግን በዚያ አልቀረም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ እንደ ገና ያስነሡት ሰዎች ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት የወጡ ናቸው። ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ በጎጃም በደብረ ኤልያስ ቅኔ የተማሩ ሰው ናቸው፤ ወደ አዲስ አበባ መጥተው አስተማሪ ሆኑ፥ መዝሙርና ተውኔትም ደረሱ፤ በ1939 ዓ.ም. ዐረፉ። መላኩ በጎ ሰውም በዚያው መንገድ ተጓዙ። እነዚህ ሰዎች መድረኩን የሰይጣን ብለው ቢሸሹት ኖሮ፥ የአማርኛ ተውኔት የቅኔን ኅብርና ምሥጢር ከየት ባገኘ ነበር? ገብተው አዩት፤ ካዩትም በኋላ ከአባቶቻቸው የተቀበሉትን ጥበብ አስገቡበት። ይህም ከነቀፋ ሁሉ የሚበልጥ ፍርድ ነው።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም ከዚሁ ወገን ናቸው። በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙትን የግእዝና የአማርኛ መጻሕፍት ቈጥረው በዝርዝር አሳተሙ። ሥራው ደረቅ ይመስላል፤ ዳሩ ግን ከመፍረድ አስቀድሞ ምን እንዳለ ማወቅ የሚገባ መሆኑን ያስተምራል። በ1925 ዓ.ም. ባወጡት «አዲስ ዓለም» በተባለው ልቦለድም፥ አወቀ የሚባል የተጉለት ልጅ አውሮፓ ተምሮ ሲመለስ ስለ ተዝካርና ስለ ሠርግ ልማድ ከዘመዶቹና ከካህናቱ ጋር የገጠመውን ክርክር ጻፉ። ጸሐፊው ራሳቸው የቤተ ክርስቲያን ልጅ ስለ ነበሩ፥ ነቀፋቸው ከውጭ የተወረወረ ድንጋይ ሳይሆን ከቤት የወጣ ምክር ነበረ።

በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ደግሞ ስለ ፍርድ ራሱ የሚናገር መጽሐፍ ነው። በውስጡ ካሣ ዳምጤ የሚባል የተማረ ሰው አለ። የአገሩ ልማድ ፍትሕ የጐደለው መሆኑን ስለ ተናገረ፥ ሕዝቡ ነገሩን ከመመርመር ይልቅ «ጉዱ ካሣ» ብሎ ስም አወጣለት። ስሙ ከወጣ በኋላ የሚናገረውን የሚሰማ አልነበረም፤ የእብድ ቃል ሆኖ ተቈጠረ። ሲኒማ ቤቱን «የሰይጣን ቤት» ያለው ልማድና ካሣን «ጉዱ» ያለው ልማድ አንድ ናቸው፤ ስም በማውጣት ከማሰብ ይገላግላሉ። ደራሲው በቅኔ ቤት ያደጉ ስለ ሆኑ የበዛብህን የተማሪነት ኑሮና የወላጆቹን ስእለት ከውስጥ ሆነው ጻፉት። ኋላም ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲያነበው፥ ፊደል ያልቈጠረ ሰው ሁሉ መጽሐፉን በጆሮው አነበበ። በቤቱ ተቀምጦ እስከ መጨረሻው የሰማ ሰው ስለ ካሣ የሚሰጠው ፍርድ ከካሣ ጎረቤቶች ፍርድ ሌላ ነበረ። ታሪኩን እስከ ፍጻሜው መስማት ይህን ያህል ይለውጣል።

ፍርድ ያለ ምርመራና ያለ ምሕረት ሲሆን የሚያስከፍለውን ዋጋ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው «ኦሮማይ»ን ያስታውስ። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. ያሳተሙት ይህ ልቦለድ በኤርትራ ስለ ተደረገው የቀይ ኮከብ ዘመቻ የሚናገር ነው። በጥቂት ቀኖች ውስጥ ከመጻሕፍት መሸጫ ተሰበሰበ። ደራሲው ከሥራቸው ተባረሩ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤታቸው እንደ ወጡ አልተመለሱም። በዚህ ጊዜ ባለ ሥልጣኑ አንድ ፍርድ፥ አንባቢው ሌላ ፍርድ ሰጠ። መጽሐፉ ከእጅ ወደ እጅ በምሥጢር አለፈ፤ ያ መንግሥትም ሲያልፍ መጽሐፉ አላለፈም። ሰውየው ግን አልተመለሱም። ስለ መጽሐፍ የሚነገር ቃል ቀላል ነው የሚል ሰው በዚህ ስፍራ ቆም ብሎ ያስብ።

ሲኒማም ቢሆን ከጊዜ በኋላ የአገሩን ሰው እጅ አገኘ። በ1957 ዓ.ም. «ሂሩት አባቷ ማነው» የተባለው ረጅም ሲኒማ በአማርኛ ወጣ። የጐንደሩ ተወላጅ ኃይሌ ገሪማ ደግሞ በአሜሪካ ተምረው ብዙ ሥራ ሠሩ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1993 ስለ ባሪያ ንግድ የሠሩትን «ሳንኮፋ» የተባለ ሲኒማ የአሜሪካ አከፋፋዮች አልቀበልም ባሏቸው ጊዜ፥ ራሳቸው አዳራሽ እየተከራዩ ከከተማ ወደ ከተማ አዞሩት። ያየው ላላየው እየነገረ፥ የነገረውም ዘመዱን ይዞ ተመልሶ እየመጣ አዳራሹ ሞላ። በ2008 ደግሞ የደርግን ዘመን የሚያሳየው «ጤዛ» በቬኒስ ከተማ ልዩ ሽልማት ተቀበለ። እንግዲህ የተራ ሰው ቃል አንዱን ቤት ለረጅም ዘመን የሰይጣን ቤት እንዳሰኘ ሁሉ፥ ሌላውን ሥራ ደግሞ ነጋዴ ከጣለበት አንሥቶ ያቆማል። ልዩነቱ የፊተኛው ቃል ካላዩ ሰዎች፥ የኋለኛው ግን ካዩ ሰዎች አፍ መውጣቱ ነው።

ይህ ሁሉ ሲባል መጽሐፍ ሁሉ መልካም ነው፥ ሲኒማም ሁሉ ይታይ ማለት አይደለም። ለገንዘብ ብቻ የተሠራ፥ የወጣቱን ልብ የሚያረክስ፥ ሰውን ማዋረድን ጨዋታ የሚያደርግ ሥራ ትናንትም ነበረ፤ ዛሬም ሞልቷል። እንዲህ ያለው ሊነቀፍ ይገባዋል። ነገር ግን ነቃፊው ሳያይ ቢነቅፍ፥ አይቶ የሚመለሰው ወጣት የነቃፊውን አለማየት በአንድ ቃል ያውቅበታል፤ ከዚያ በኋላ በእውነተኛው ነቀፋ ላይ እንኳ እምነት ያጣል። ዛሬ ቃል ከአፍ ወደ ጆሮ ብቻ አይሄድም፤ በእጅ ስልክ በአንድ ቀን ባሕር ተሻግሮ ይደርሳል። የቃሉ ፍጥነት ሲጨምር የተናጋሪው ጥንቃቄ ሊጨምር እንጂ ሊቀንስ አይገባውም።

ይልቁንም ይህ ነገር በካህናት ላይ ይከብዳል። የንስሐ ልጅ መጥቶ «አባቴ፥ ይህን መጽሐፍ ላንብበውን? ይህንስ ሲኒማ ልየውን?» ብሎ ሲጠይቅ፥ አባት ያነበበውን አንብቤዋለሁ፥ ያላየውን አላየሁትም ቢል ክብሩ አይጐድልም። አላየሁትም ማለት የሊቅ ቃል ነው። ያየ ደግሞ እስከ ፍጻሜው ታግሦ፥ ሳያደላ መዝኖ፥ ጕድለቱን ከነምክንያቱ፥ በጎነቱንም ከነምክንያቱ ይንገረው። የቅኔ መምህር ለጀማሪ ተማሪ የሚያደርገውን ይህን ያህል ቸርነት፥ መጽሐፍ የደረሰ ወይም ሲኒማ የሠራ ሰውም ሊያጣው አይገባም። ደግሞም ፈራጁ በሰፈረበት ቍና እንደሚሰፈርለት ከካህን ይልቅ የሚያውቅ የለም።